ከዝምታው በፊት ያለው ትንፋሽ

ጥቅምት ፮ ቀን

ለእህቴ የልጅ ልጅ ለድምቡሼ፤ ባለሽበት ሰላምና ጤና ይብዛልሽ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እቴቴ ደንቁራለች ተብሎ የተነገረሽ ሐሰት መሆኑን እወቂ። ወሬውን የነዛው ልብስ ሰፊው አጎትሽ ነው፤ ከየት እንደ ጀመረም አውቃለሁ። በልጁ ሠርግ ላይ ደጋግሞ ጠርቶኝ ዞር አላልኩም። ዞር ያላልኩት በሁለቱም ጆሮዬ ጥጥ ስለ ነበረበት ነው። ጥጡን የወተፍኩት ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰውዬ የአያትሽን ዘፈን እንደ ሽንኩርት ሲከትፈው መስማት ስላልቻልኩ ነው። ይህን ሁሉ አጎትሽን ቁጭ አድርጌ አስረድቼዋለሁ። «እሺ እቴቴ፣ ገብቶኛል» አለኝ። በማግሥቱ ጎረቤቴን ፋርማሲስቷን፣ «ያ ጆሮ ላይ የሚሰካው መሣሪያ እናንተ ጋ ይገኛል?» ብሎ ጠየቃት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቀን አልጻፍሽበትም፤ ሁለተኛ እንዳይደገም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አስታውሰሽ መጻፍሽ ግን ደስ አሰኝቶኛል።

እንግዲህ ባለሽበት ከተማ አንድ ምሽት በሙሉ ለመስኮቱ ዘፈን ሊሰጥ ነው። ዘፋኞች በየዘመኑ እንደ ተዘፈነው እየተፈራረቁ ሊዘፍኑት፣ አንቺም የመጀመሪያዋ ዘፋኝ የልጅ ልጅ በመሆንሽ መጨረሻ ላይ ልትወጪ። መልካም። የጻፍሽልኝ ቅደም ተከተል ግን የተዘበራረቀ ነው። መጀመሪያ የዘፈነችው አያትሽ ናት፤ እኔ ፒያኖ ላይ ነበርኩ፤ ባንዱ ከኋላችን፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት የሬዲዮ ጣቢያ ክፍል። ቀጥሎ የወታደሩ ባንድ ግጥሙን ጥሎ የሰልፍ ዜማ አደረገው። ከዚያ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቀው ዘፋኝ መጣና መስኮት ላይ የምትጠብቀዋን ሴት በር ላይ የሚጠብቅ ወንድ አደረጋት። ከዚያ የእኔ ተማሪዎች በኅብረት ዘፈኑት፤ ከሁሉም ቃናውን ያልሳተው እርሱ ብቻ ነው፤ ይህን የምለው የእኔ ስለ ሆነ አይደለም። ከዚያ የሳሙናው ማስታወቂያ፣ ከዚያ ጊታር ይዛ የምታንሾካሹከው ልጅ፣ በመጨረሻም ቁጥር ስፍር የሌላቸው የሠርግ ኪቦርዶች።

በሁሉም ውስጥ አንድ ነገር ሳይነካ ቆይቷል። ከመጨረሻው አዝማች በፊት ዘፈኑ ድንገት ይቆማል። ድምፅም መሣሪያም ጸጥ ይላል። ከዚያ ይመለሳል። ማስታወቂያው እንኳ ዝምታውን አልተወውም፤ የሳሙና አረፋ ይፈነዳበታል። ሠርግ ላይ ጨፋሪው እግሩን አንሥቶ ዝምታው እስኪያልፍ ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ዝምታው ስንት ምት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አንቺ እንዴት እንደምትዘፍኚው ሳልሰማ አልመልስም። ቀድተሽ ላኪልኝ። ስልክ አልወድም፤ ስልክ ላይ ሰው ሳያስብ ነው የሚናገረው።

የአያትሽ ታላቅ እህት፣
እቴቴ


ኅዳር 11 ቀን (ቀን ጽፌያለሁ፤ ይታይልኝ!)

ለውድ እቴቴ፤ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ።

የጥጡን ነገር ሳነብ ብቻዬን ስስቅ አብራኝ የምትሠራው ልብስ ተኳሿ ሴትዮ «ሬዲዮ፣ ለየልሽ?» አለችኝ። ሥራ ቦታ ስሜ ሬዲዮ ነው፤ አፌ አያርፍም። የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ። መስኮት የለውም፤ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ በእነሱ ምት እዘፍናለሁ። ሊፍቱ የእንግዶች ስለ ሆነ የታጠበውን አንሶላ ተሸክመን በጓሮ ደረጃ ነው የምንወጣው። ድምፄን የማሟሙቀው እዚያ ደረጃ ላይ ነው፤ ያስተጋባል፣ ደስ ይላል። ላይኛው ፎቅ ስደርስ ትንፋሼን እስክሰበስብ አንሶላው ላይ ቁጭ እላለሁ። ተኳሿ «ዘፋኝ ሁሉ ሰነፍ ነው» ትለኛለች።

ዲስኩን ልኬልዎታለሁ። የቀዳኝ የዝግጅቱ ሙዚቃ አቀናባሪ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚርበው ሰውዬ ነው፤ የመስኮቱን ዘፈን ግን ያልሰማበት አዘፋፈን የለም። ዝምታው ላይ ሙጭጭ ብሏል። «አስረዝሚው! ሰዉ ሞተች እንዴ ብሎ እስኪደነግጥ አስረዝሚው!» ይለኛል።

እኔ እዚያ ጋ ስደርስ በሩን ነው የማየው። አያቴ ዘፈኑን ስትቀዳ፣ ርቆ ሄዶ የጠፋው ወንድ አያቴ ድንገት የገባበትን በር። ስታየው ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፤ ተመልሶ ሲሄድባት ደግሞ ልቧ ተሰብሮ ሞተች። እናቴ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። እርስዎ እኮ እዚያው ነበሩ! ሲገባ ምን ይመስል ነበር? ረጅም ነው? ባርኔጣ ነበረው? የሱ ፎቶ እንኳ የለንም፤ እባክዎን ይጻፉልኝ፤ ያንን እያሰብኩ ነው የምዘፍነው። የአያቴንም ፎቶግራፍ ይላኩልኝ፤ ስዘፍን ከኋላዬ ሸራ ላይ ሊያሳዩት ነው። ዝግጅቱ ጥር መጨረሻ ላይ ነው።

አክባሪ ልጅዎ፣
ድምቡሼ (አሁን ግን ከስቻለሁ)


ኅዳር ፴ ቀን

ለድምቡሼ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤

ዲስኩን ሰማሁ። ደግሜ ሰማሁ። ከዚያ ፋርማሲስቷን ጠርቼ ማጫወቻውን ፈትሺልኝ አልኳት፤ እንከን የለበትም። እርሷ ቤት ሄጄ በእርሷም ማጫወቻ ሰማሁት። ያው ነው።

ፎቶግራፉን አሁን አልልክም። አስቀድመሽ የምጠይቅሽን መልሺልኝ፤ አትሳቂ፣ አታሳምሪ። ደረጃ ወጥተሽ መቀመጥ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው? ስትቀመጪ ዓይንሽን ያጨልምብሻል? ልብሽ ደረጃ እንደ ሳተ ሰው ይደናቀፋል? ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ዝምታው ላይ የምትቆሚው አቀናባሪው አስጠንቶሽ ነው ወይስ በራሱ ይመጣል?

አባትሽ ሾፌር ነበር፤ ጥንቁቅ ሾፌር። አውቶቡሱ ይዞት ከመንገድ የወጣው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም።

የልብ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። «ድካም» አትበዪ፤ «ልብ» በዪ። እስክትሄጂ አትዝፈኚ፤ አንሶላም ተሸክመሽ ደረጃ አትውጪ። ስለ ወንድ አያትሽ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ፈጥነሽ ጻፊ።
እቴቴ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፤ ጤና ይስጥልኝ፤

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። በንዴት እንዳልጽፍልዎ ብዬ ነው ያዘገየሁት። አሁንም አልበረደልኝም።

ፎቶ ለመንኩዎት፤ ፈተና ላኩልኝ። አባቴንስ ለምን አነሡብኝ? አጎቴ አስጠንቅቆኝ ነበር። «እቴቴ ያንን ዘፈን የእህቷ መቃብር አድርጋዋለች፤ ማንንም አታስደርስም፤ እናትሽ አንድ ቀን ብታንጎራጉር የፒያኖውን ክዳን ጧ አድርጋ ነው የዘጋችው» ብሎኝ ነበር። የለም፣ እሳቸው እንዲህ አይደሉም ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ሞኝ።

ደረጃ የማያደክመው ሰው ማን ነው? ተኳሿም ታለከልካለች። ዝምታውን ደግሞ፣ ከጠየቁኝ አይቀር፣ አልቆጥረውም። በራሱ ይመጣል። በሩን ሳስብ ድምፄ ጥፍት ይላል፤ ከዚያ ይመለሳል። አቀናባሪው «ሌሎቹ ይቆጥራሉ፤ አንቺ ግን ወርሰሽዋል፤ ተሰጥኦ ማለት ይኸ ነው» ይለኛል። እርስዎ በሽታ ነው ይሉኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ጥጥ ጆሮዎ ውስጥ ቀርቶ እንዳይሆን።

ፎቶው ይቅር፤ አቀናባሪው ከአሮጌ የሸክላ ሽፋን ላይ አግኝቷል። አጎቴ ዘንድ ያለው የስልክ ቁጥሬም ተቀይሯል። ዝግጅቱ እስኪያልፍ ድረስ ባይጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ልቤን ያደክሙታል።

ድምቡሼ


ጥር ፲፩ ቀን

ለድምቡሼ፤ ቢከፋሽም ሰላምታዬ ይድረስሽ፤

አትጻፊ ብለሽኛል፤ ጽፌያለሁ። ስልክ እንደማልወድ እየታወቀ አስደውዬም ነበር፤ በድሮው ቁጥርሽ የሚያነሣው ጎማ የሚጠግን ሰውዬ ነው፤ እርሱም እኔን ሰልችቷል። ስለዚህ ይህን ወረቀት የፋርማሲስቷ ወንድም ይዞልሽ ይመጣል፤ አየር መንገድ ነው የሚሠራው። ከፖስታሽ ላይ ያገኘሁትን የሆቴሉን አድራሻ ሰጥቼዋለሁ፤ እጅሽ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስም ቃል አስገብቼዋለሁ።

ዘፈኑን በቀዳንበት ቀን በሩ አልተከፈተም። የውጭ ድምፅ እንዳይገባ በውስጥ ተቆልፎ ፍራሽ ተደግፎበት ነበር። ወንድ አያትሽ አልመጣም። ረጅምም አጭርም፣ ባለ ባርኔጣም ራሰ በራም አልገባም። የሄደው እንደ ሄደ ነው የቀረው። ይህን በዚህ ሁኔታ መስማትሽ ያሳዝነኛል፤ ግን ስትዘፍኚ የምታይው በር የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። አያትሽ አጠገቤ ፒያኖውን ይዛ ቆማለች። በልጅነታችን ያስተማሩን መምህር ቃል መሐል የሚተነፍስ ዘፋኝ ሲያገኙ ጣቱን በማስመሪያ ይመቱ ነበር፤ እኔም እርሷም በዚያ ማስመሪያ ነው ያደግነው። ያን ቀን ግን በዘፈኑ ያለችው ሴትዮ መብራቱን የምታጠፋበት ስንኝ ላይ ስትደርስ ቃሉን ለሁለት ከፍላ ተነፈሰች። ደነገጥኩ። ከዚያ ከፍ የሚለው ኖታ ወደ ታች አጋደለባት። ቀና ብዬ ሳያት ጣቶቿ የፒያኖው ጠርዝ ላይ ነጥተዋል፤ ከንፈሯም ቀለም የለውም። ቆመች። እኔም እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። የባንዱ አለቃ ክንዱን ዘርግቶ ሁሉንም አስቆመ። ስንት ምት እንደ ቆየን አላውቅም፤ የቆጠረ አልነበረም። ከዚያ ፈገግ አለችልኝና ገባች፤ ሁላችንም ተከትለናት ገባን። ሲያልቅ እንደገና እንቅዳው አልኩ። የባንዱ አለቃ «የቀረን ሸክላ ይኸው ብቻ ነው፤ ደግሞም አምሯል፤ እንዳለ ይሂድ» አለ። ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ እየሄደ ነው።

ዓመት ሳይሞላት፣ አባትሽ ገና ዳዴ ሲል፣ ገበያ መሐል እየሳቀች ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ ነው ብሎ ነገረን። እናታችን ግን ሰው «የበሽተኛ ዘር» እንዳይለን ብላ፣ ባሏ ጥሏት ሄዶ በናፍቆት ነው የሞተችው እያለች አወራች። ከዘፈኑ ጋር ስለ ሄደ ሰው ሁሉ ወደደው፤ በርና ባርኔጣም ጨመረበት።

አሁን ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ከወታደሩ ባንድ ጀምሮ እስከ ሠርግ ኪቦርዱ ድረስ ሁሉም የኮረጁት ዝምታውን ነው። ከዝምታው በፊት ያለውን ትንፋሽ የኮረጀ አንድም የለም፤ ሸክላው ላይ ክላርኔቱ ስለሚሸፍነው አይሰማምና። እኔ ነኝ አጠገቧ ሆኜ የሰማሁት። አንቺ ግን እርሷ ቃሉን በከፈለችበት ቦታ ከፍለሽ፣ ኖታው ባጋደለበት ቦታ አጋድለሽ ላክሽልኝ። ሰው ያልሰማውን አይኮርጅም።

የፒያኖውን ክዳን መዝጋቴ እውነት ነው። አባትሽን በቀበርን ሰሞን ነበር፤ እናትሽ ስታንጎራጉር ላጅባት ብዬ ጣቴ እምቢ አለኝ።

ዘፈኑን አልነፈግሁሽም፤ ያንቺ ነው። ሦስተኛ ሰው ግን አልቀብርም። ሂጂ።

እቴቴ


የካቲት 4 ቀን

ለውድ እቴቴ፤ ሰላምታዬ ካለሁበት አልጋ ይድረስዎ፤

ሰውዬዎ ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጣ። ዘበኛው አላስገባም ሲለው «አሮጊቷን አታውቃቸውም! ሳልሰጣት ብመለስ ሰፈር አልገባም!» እያለ ሲጨቃጨቅ ድምፁ እኔ ጋ ይሰማ ነበር። ደብዳቤውን አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ተኳሿ መጥታ «ምነው ሬዲዮ፣ ተዘጋሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «እኔ አለከልካለሁ፤ አንቺ ግን ደረጃው ጫፍ ላይ እንደ አንሶላው ትነጫለሽ» አለችኝ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ዘፋኝ እንዲህ ነው ብዬ ነዋ!»

በማግሥቱ ሄድኩ። «ልብ» አልኩ፤ እንዳዘዙኝ። ሐኪሟ ደረቴን የሚያዳልጥ ነገር ቀብታ በማሽን ስታየኝ ቆየች። የልቤ ግድግዳ ከልክ በላይ ወፍሯል፤ ደም የሚወጣበትን መንገድ አጥብቦታል። በዘር የሚመጣ ነው አለች። የአያቴንና የአባቴን ነገር ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ወደዚህ የላከሽ ሐኪም ማን ነው?»

«የአያቴ እህት። የፒያኖ አስተማሪ ነበሩ።»

«የት አይተውሽ?»

«አላዩኝም። ሌላ አገር ነው ያሉት። ስዘፍን ሰምተውኝ ነው።»

አላመነችኝም። «ጆሯቸው ደህና ነው ማለት ነው» አለችና ወደ ማሽኗ ተመለሰች። እቴቴ፣ አንሶላው ውስጥ ተሸፍኜ አፈርኩ።

ዝግጅቱ ያለ እኔ አለፈ። አቀናባሪው ሊጠይቀኝ መጥቶ ያመጣልኝን ብርቱካን ራሱ እየላጠ በላውና ምን እንዳደረጉ ነገረኝ። የእኔ ተራ ሲደርስ መድረኩን ባዶ ተዉት። ሰዉ ዝምታው መስሎት ጸጥ ብሎ ጠበቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ። አቀናባሪው «እስከ ዛሬ ከተዘፈነው ሁሉ በላጩ ነው» ብሎኝ ማልቀስ ጀመረ። ሳቅሁም አለቀስኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ደረቴን ከፍተው የወፈረውን ሊቀንሱልኝ ነው። መዝፈን እችል ይሆን ብዬ ስጠይቃት ሐኪሟ «መጀመሪያ አንቺ ተመለሺ» አለችኝ። እፈራለሁ፣ እቴቴ። ስለ ጥጡ የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ፣ ድምቡሼ


የካቲት ፳፱ ቀን

ለልጄ ለድምቡሼ፤ አምላክ ከአጠገብሽ አይለይ፤

ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተናገርሽም። የጥጡ ነገር ያን ጊዜም አስቆኝ ነበር፤ ያልጻፍኩልሽ እንድታውቂብኝ ስላልፈለግሁ ነው።

ሳምንቱ አለፈ። ሌላውም አለፈ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ገና ከበሩ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። አጎትሽ መስፊያውን ትቶ እየመጣ እዚህ ይቀመጣል። «እቴቴ፣ ወሬ የለም?» ይለኛል። «ወሬ የምታውቀው አንተ አይደለህ?» እለዋለሁ። ትናንት የካፖርቴን የላላ ቁልፍ ሳልጠይቀው ተከለልኝ፤ ጥብቅ አድርጎ፣ ቁልፉ አምልጦት የሚሄድ ይመስል።

ፎቶግራፉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ለሸራ አይደለም፤ ለራስሽ ነው። አፏን ከፍታ የምትስቅበት ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ሆኖ ፎቶ መነሣት ነውር ስለ ነበር ተደብቆ የኖረ ነው። አገጯን እዪው፤ ያንቺ ነው።

ጻፊልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ቀን ባትጽፊበትም ግድ የለም።

እቴቴ


እቴቴዬ፤

አለሁ!

ደረቴ እንደ አሮጌ ኮት ተሰፍቷል፤ አጎቴ ቢያየው ስፌቱን ሳይነቅፍ አይውልም። ብዙ ቀን እጄ ብዕር አልይዝ ብሎኝ ነው የዘገየሁት። የአያቴ ፎቶ ትራሴ አጠገብ ነው፤ ነርሶቹ እኔን ነው የሚመስላቸው።

ሐኪሟ ገና አትዝፈኚ ብላኛለች። አልዘፈንኩም። ግን ተኳሿን ልጠይቅ ሆቴሉ ሄጄ ያንን የጓሮ ደረጃ ወጣሁት፤ ባዶ እጄን፣ ቀስ ብዬ። ላይ ስደርስ አልተቀመጥኩም። ተኳሿ ዓይን ዓይኔን እያየች «ነጣሽ እንዴ? አልነጣሽም!» ትላለች። እዚያው ቆሜ የመስኮቱን ዘፈን በለሆሳስ አንጎራጎርኩት፤ እሷ በስልኳ ቀዳችኝ። ዲስክ ላይ አድርጌ ልኬዋለሁ። ድምፅ አይባልም፤ አይቆጡኝ።

ዝምታው ጋ ስደርስ ጠበቅሁት። አልመጣም። በሩም የለም፣ ዝምታውም የለም፤ ምን ላድርግ? ሳልቆም አለፍኩ። ተሳስቼ ከሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ፣ ድምቡሼ


ሚያዝያ ፲፰ ቀን

ለልጄ ለድምቡሼ፤ ሕያው አድርጎ ላቆየሽ ምስጋና ይድረሰው፤

ቀን አልጻፍሽበትም። ተመስገን።

ዲስኩን ከአጎትሽ ጋር ሆኜ ሰማሁት። የመጀመሪያው ስንኝ ቃናው ዝቅ ብሏል። ሁለተኛውን አጣደፍሽው። የቃላትሽን መጨረሻ ትውጫለሽ፤ ይህ የቤተሰብ በሽታ አይደለም፣ ስንፍና ነው፤ ይታረማል። መብራቱን የምታጠፋበት ስንኝ ላይ ግን ቃሉን አልከፈልሽም። ኖታውም ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ ሁሉም የሚቆሙበት ቦታ ደረሰ። እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በልማድ ብድግ አለ። አንቺ አልቆምሽም። እጄን አየር ላይ ትተሽው አለፍሽ።

አጎትሽ «ምነው፣ የሚቆመውን ዘለለችው እኮ!» አለ።

«አዎ» አልኩት።

ከዚያ እርሱም ገባውና መሀረቡን ፈለገ።

አልተሳሳትሽም። ዘፈኑ የተሠራው እንዲህ ነው፤ እኔና አያትሽ ቤት ውስጥ ስንለማመደው እንዲህ ነበር የምንወጣው፣ ሳንቆም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አድርጎ የዘፈነው የለም። መድረክ ላይ ስትወጪ ሰዎች ጎደለ ይላሉ፤ አቀናባሪሽ ፀጉሩን ይነጫል። ይንጭ። ብርቱካን ስጪው።

አጎትሽ ደግሞ አዲስ ወሬ ይዞ ወጥቷል፤ እቴቴ አገር አቋርጣ የሰው ልብ ትሰማለች እያለ ነው። ትናንት ሁለት ሴቶች ደረታችንን አዳምጪልን ብለው መጡ። ሐሰት ነው ብዬ ሐኪም ዘንድ ሰደድኳቸው።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ፒያኖው ላይ የተከመረውን የተተኮሰ ልብስ አነሣለሁ። ክዳኑን እከፍታለሁ። ቁልፎቹን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ፒያኖ ቃኚውን አስጠራለሁ፤ እስኪመጣ ግን አልጠብቅም። ዲስክሽን አስነሥቼ አጅብሻለሁ። እዚያ ቦታ ስንደርስ እጄን አላነሣም።

እቴቴ